ኮሮላ ዲኤክስን ለትራክ ማዘጋጀት፦ የእግሯን ሥራ በቅደም ተከተል

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ያሉ የዲኤክስ ልጆች የሚያመጡት ችግር አንድ ዓይነት ነው። ሞላ አስቆርጠው መኪናዋን ዝቅ አድርገዋል፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ አስገብተዋል፣ ሾክም ቀይረዋል። መኪናዋ ግን ከበፊቱ ብሳለች። ኩርባ ላይ ትዘላለች፣ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ጥሩ ዕቃ ያለ ቦታው፣ ያለ ጊዜው ስለሚገባ ነው ብሩ የሚባክነው።

እግር ስል ሞላውን፣ ሾኩንና ጎማውን ከቦዲው የሚያገናኙትን ክንዶች ማለቴ ነው። መመሪያው የተጻፈው ኢ70 ለሚባለው ትውልድ ባለ አራት በር ዲኤክስ ነው። ፊቷ ማክፈርሰን ስትራት ነው፣ ማለትም ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የተገጠሙበት ዓምድ። ኋላዋ ባለ ሞላ ሙሉ አክስል ሲሆን፣ በአራት ክንድና በአንድ አግዳሚ ዘንግ ተይዟል። የዕቃ መጫኛ ያላት ዋገን ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የላሜራ ሞላ) ስለሆነች ደረጃ 5 አይመለከታትም። ቪትዝ ወይም ያሪስ ያለህ ደግሞ ከኋላው ክፍልና የስትራቱን ቱቦ ከመክፈት በቀር አብዛኛው ይጠቅምሃል።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ሐረጎ ትራክ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ የተጫነ አይሱዙ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ አፍንጫህን የማያሳይ ጉም አለ። እዚህ የምንሠራት መኪና የምትፈተነው መንገዱ ተዘግቶ፣ ባለቤቱና የሚመለከተው አካል ፈቅደው ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታና ዕቃ

ወለሉ ሲሚንቶና ደልዳላ ይሁን። ዳገት ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ይህን ሥራ አትጀምር። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ከሌለህ ተከራይ። መጨረሻ ላይ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበልታ) የምትለካው እዚሁ ወለል ላይ ነው።

የሚያስፈልግህ፦

- ሁለት ቶን የሚችል ክሪክና አራት የብረት ማቆሚያ። ብሎኬት በፍጹም አታስገባ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ድንጋይ ጎማ እንዳይንከባለል ታኮ ይሆናል እንጂ የመኪና ማቆሚያ አይደለም።
- ሁለት የሞላ መጭመቂያ። ጥርሱ ያለቀ፣ ዘንጉ የተጣመመ ከሆነ ሌላ ተዋስ።
- የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ።
- ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ጠመኔ።
- የሽቦ ብሩሽና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት። ዘይቱን ከሥራው አንድ ቀን ቀድመህ ብሎኖቹ ላይ ንፋ።

የሚለካ ቁልፍ ከሌለህ ለጎማ ዳዶ ይህን ስሌት ያዝ። የቁልፉ እጀታ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ያህል ክብደት ካሳረፍክ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለዲኤክስ ጎማ ዳዶ በቂ ነው። ቁልፉ ላይ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ያስረዝመዋል፣ ከዚያ ትራክ ላይ ይበጠሳል። ለሌሎቹ ብሎኖች የፋብሪካውን መጽሐፍ ፈልግ። በስልክ የተነሳ ገጽም ቢሆን ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ሳትገዛ መርምር

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው በኋላ የሚያለቅሰው። አዲስ ጠንካራ ሞላ አሮጌ ቦልጆይንት (ክንዱን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ክብ መገጣጠሚያ) ላይ ስታስገባ ድካሙን ሁሉ ቦልጆይንቱ ይሸከማል።

ፊቷን አንሳና ማቆሚያ ላይ አስቀምጥ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። ጨዋታ ካለ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ ወይም የስትራቱ የላይኛው መያዣ ነው። አሁን ደግሞ ከግራና ከቀኝ ይዘህ ነቅንቅ። እዚህ የሚጫወተው ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ወይም የመሪው ማያያዣ ነው። የትኛው እንደሆነ በዓይን ብቻ አትፍረድ። አንድ እጅህን መገጣጠሚያው ላይ አድርግ፣ ረዳትህ ጎማውን ያወዛውዝ፤ ጣትህ ጨዋታውን ከዓይንህ ቀድሞ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ጎሚኒዎቹ፣ ክንዶቹ የሚታሰሩባቸው ላስቲኮች። ረጅም ካቻቢቴ በክንዱና በመያዣው መካከል አስገብተህ ገፋ አድርግ። የተሰነጠቀ፣ ከብረቱ የተላቀቀ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ ሁሉ ይቀየራል። ሾኩ ላይ የሚታይ ቀጭን እርጥበት ችግር የለውም። ዘይቱ ወርዶ አቧራ ይዞ ጭቃ ከሆነ ግን አልቋል።

ያገኘኸውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍ። የአራቱንም ጎማ ቁመት፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን፣ ለካና መዝግብ። ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልግሃል።

ደረጃ 3፦ ቦዲና ሻንሲ

ዲኤክስ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲው። ስለዚህ ዝገት የመልክ ጉዳይ አይደለም። ቦዲው ከለሰለሰ ሞላው ከመታጠፉ በፊት ቦዲው ይታጠፋል፣ የምታስተካክለው አላይመንትም አንድ ሳምንት አይቆይም።

የምታያቸው ቦታዎች፦ የፊት ስትራት የሚገባበት ጉልላትና ዙሪያው፣ መሪው ከቦዲው ጨረር ጋር የሚታሰርበት፣ የኋላ ክንዶቹ ከወለሉ የሚገናኙበት፣ አግዳሚው ዘንግ ከቦዲው ጋር የሚያያዝበት ጆሮ። አራተኛው በጣም ይረሳል። መኪናዋ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትመላለስ የኖረች ከሆነ አቧራው ስንጥቁን ደፍኖት ይሆናል። አጥበህ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርግ። ደህና ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰ ይዋጣል።

ብየዳ ካስፈለገ የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ፍታ። የነዳጅ ቱቦና ታንክ አጠገብ ከሆነ ታንኩ ይውረድ፣ ክርክር የለውም። ስንጥቅ ላይ ብቻ አታስበይድ፤ ጫፉን ትንሽ ቀዳዳ በስተህ አስቁመው፣ ከዚያ ተበይዶ በላዩ ላይ ማጠናከሪያ ላሜራ ይግባ።

ሁለቱን የፊት ጉልላቶች ከላይ የሚያገናኘው ዘንግ (ከኋላው አግዳሚ ዘንግ የተለየ ነው) ይጠቅማል። ግን የመጀመሪያው ግዢህ አይሁን። በበሰበሰ ጉልላት ላይ የታሰረ ዘንግ ጌጥ ነው።

ደረጃ 4፦ የፊት ሞላና ሾክ

መጀመሪያ ምን እንደምትገዛ እንነጋገር። ሞላና ሾክ አብረው ነው የሚመረጡት። ሞላ ሲቆረጥ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን ይጠነክራል፣ ምክንያቱም የቀሩት ጥምዝሞች ያነሱ ናቸው። አሮጌው ሾክ ያን ጥንካሬ መያዝ ስለማይችል መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። በኦክሲጅን ነበልባል ከተቆረጠ ደግሞ የብረቱ ጥንካሬ ይበላሻል፣ ያ ሞላ ወይ ይቀመጣል ወይ ይሰበራል። አታስቆርጥ።

እኔ የምመክረው ከፋብሪካው ከ30 እስከ 50 በመቶ የጠነከረ ሞላ፣ ከዚያ ጋር የሚመጥን ሾክ፣ ዝቅታውም ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ዝቅ ስትል የታችኛው ክንድ ጫፉ ወደ ላይ ይዞራል፣ መኪናዋም ኩርባ ላይ ይበልጥ ታዘነብላለች፣ ጉብታ ስትመታ መሪው በራሱ ይዞራል። ሰው ዝቅ ባለች ቁጥር ትይዛለች ብሎ ያስባል። በማክፈርሰን እግር ላይ ይህ ትክክል የሚሆነው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው።

ኤኢ86 የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ኮሮላ፣ የዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ናት። ለእሷ የተሠሩ ብዙ የእግር ዕቃዎች በትንሽ ማስተካከያ ለዲኤክስ ይሆናሉ። «ይሆናል» ስለተባልክ ብቻ ግን አትክፈል። የራስህን ዕቃ ፈትተህ ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የስትራቱን ቱቦ ርዝመት፣ ውፍረትና የብሎን ቀዳዳውን ለካ።

አሁን ሥራው፦

1. የሁለቱንም የፊት ጎማ ዳዶ መሬት ላይ እያለች ላላ አድርግ፣ ከዚያ አንሳና ማቆሚያ ላይ አስቀምጥ። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ አስደግፍ።
2. የፍሬን ቱቦውን ከስትራቱ መያዣ አላቅቅ። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀውን ዕቃ) ፍታና በሽቦ ስቀለው። በቱቦው አታንጠልጥለው።
3. ስትራቱን ከታች ካለው የመሪ ክንድ ፍታ። ከዚያ ከላይ ጉልላቱ ላይ ያሉትን የዳር ዳር ዳዶዎች ፍታ። የመሃሉን ትልቅ ዳዶ አትንካ። ሞላውን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው።
4. ስትራቱን አውጥተህ መሬት ላይ አጋድም። ሁለቱን መጭመቂያ ትይዩ አድርገህ፣ በተቻለ መጠን ብዙ ጥምዝም እንዲይዙ አስገባ። በየተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቅ። አንዱን ብቻ ከጨረስክ ሞላው ይጣመምና ይወጣል።
5. ሞላው ከላይኛው መቀመጫ ላልቶ በእጅህ ሲዞር ብቻ የመሃሉን ዳዶ ፍታ። ፊትህ በዘንጉ አቅጣጫ አይሁን፣ ሌላም ሰው በዚያ በኩል አይቁም። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል።
6. የስትራቱ ቱቦ አፍ ላይ ያለውን ክዳን በቧንቧ ቁልፍ ክፈት። አሮጌውን ዘይት ድፋ፣ የውስጡን ዕቃ አውጣ፣ ቱቦውን በናፍጣ እጠብና አድርቅ።
7. አዲሱን የሾክ ካርትሪጅ (ተዘግቶ የሚመጣውን የሾኩን የውስጥ ዕቃ) ከመክተትህ በፊት ቱቦው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምር። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ዘይቱ ሙቀቱን ከካርትሪጁ ወደ ቱቦው ያሸጋግራል፤ ባዶ ከተውከው ትራክ ላይ ሾኩ ቶሎ ይግልና ይለሰልሳል። ካርትሪጁ ሲገባ ዘይቱ አፉ ድረስ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በቂ ነው፣ ሞልቶ መፍሰስ የለበትም።
8. ክዳኑን አጥብቅ። ካርትሪጁን ይዘህ ነቅንቅ። የሚንኳኳ ከሆነ አጭር ነው፣ ከሥሩ የሚሞላው ቀለበት ያስፈልገዋል። እንዲህ እንዳለ አትግጠመው።
9. አዲሱን ሞላ ጨምቀህ አስገባ። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር በትክክል ይግጠም። መጭመቂያዎቹን በየተራ አላላ።
10. ስትራቱን መልስ። ከላይ ያሉትን ዳዶዎች በልኩ አጥብቅ። የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ብሎን ግን ገና አይጠብቅም፣ በእጅ ብቻ ያዘው። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኘዋለህ።

ደረጃ 5፦ የኋላው

1. ቦዲውን ማቆሚያ ላይ አስቀምጥ፣ ክሪኩን ከዲፈረንሻሉ ሥር አድርግ።
2. የሾኮቹን የታች ብሎን ፍታ። የአግዳሚውን ዘንግ አንድ ጫፍ ፍታ። ስታቢላይዘር (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዝ ዘንግ) ካለ ሊንኩን፣ ማለትም ማያያዣውን፣ አላቅቅ።
3. ክሪኩን በዝግታ አውርድ። ዓይንህን ከአክስሉ በላይ ካለው የፍሬን ቱቦ ላይ አታንሳ። አክስሉ ሲወርድ የመጀመሪያው የሚወጠረው እሱ ነው፤ ከተወጠረ አቁምና ከመያዣው ላይ አላቅቀው።
4. ሞላዎቹን አውጣ፣ አዲሶቹን አስገባ፣ የላይና የታች ጎማ መቀመጫቸውን አትርሳ።
5. ሾኮቹንና አግዳሚውን ዘንግ መልሰህ በእጅ ብቻ ያዝ፣ ከዚያ አክስሉን ሙሉ በሙሉ ወርዶ እንዲንጠለጠል አድርግና ሞላውን በእጅህ ነቅንቅ። ከመቀመጫው የሚወጣ ከሆነ በጣም አጭር ነው ወይም ሾኩ በጣም ረጅም ነው። ትራክ ላይ ኋላው ሲነሳ ሞላው ይወድቃል። ይህን ሳታስተካክል አትቀጥል።

ስለ ጠንካራ ፕላስቲክ ጎሚኒ ብዙ ይጠየቃል። ፊት ላይ ጥሩ ነው፣ አግዳሚው ዘንግ ላይም ጥሩ ነው። አራቱ የኋላ ክንዶች ላይ ግን ሁሉንም በፕላስቲክ አትሙላ። አክስሉ አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ክንዶቹን ይጠመዝዛል፣ ላስቲኩ ያን መጠምዘዝ ይቀበላል፣ ፕላስቲኩ ግን አይቀበልም። ኋላው ይታሰራል፣ ከዚያ ኩርባ መሃል ላይ ድንገት ይለቃል። እነዚያ ላይ አዲስ የፋብሪካ ላስቲክ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ክብደቷ መሬት ላይ ሳለ አጥብቅ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ።

የላስቲክ ጎሚኒ ውስጡም ውጭውም ብረት ላይ የተጣበቀ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ብረት ይቆለፋል፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው የላስቲኩ ማረፊያ ያ ቦታ ይሆናል። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ቆማ ሳለች እንኳ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ነው የሚውለው። በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ቁመቷም ውሸት ይሆናል። አዲስ ጎሚኒ ቶሎ የሚያልቅባቸው መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ ነው። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ተማሪያቸውን «ልጄ፣ መሬት ሳትነካ ዳዶውን እንዳትጨርሰው» ሲሉት ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ቁልፉን አስቀምጦ ክሪኩን ማውረድ ጀመረ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

1. ጎማዎቹን ግጠም፣ መኪናዋን መሬት አውርድ።
2. ሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጥ። ሰው ከሌለ ግማሽ ኩንታል ጤፍና ሌላ ጭማሪ ክብደት አስቀምጥ።
3. ፊትና ኋላዋን ጫን ጫን አድርግ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊት ግፋት።
4. አሁን ሁሉንም የክንድ ብሎኖች፣ የአግዳሚውን ዘንግ፣ የሾኮቹን የታች ብሎን በልኩ አጥብቅ። ሥር መግባት ካቃተህ አራቱንም ጎማ እኩል ከፍታ ባለው ጠንካራ መወጣጫ ላይ አውጣ። በክሪክ አታንሳት።
5. በጠበቀው ዳዶ ላይ ሁሉ በቀለም መስመር አድርግ። በኋላ ከተንቀሳቀሰ በዓይን ታየዋለህ።

ደረጃ 7፦ ፍሬን፣ ባጭሩ

መንገድ በደንብ የምትይዝ መኪና ኩርባ ላይ በፍጥነት ትገባለች፣ ስለዚህ ፍሬኑ ይግላል። የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 እና 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ይብሳል። ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ ቀይር፣ አየሩን አውጣ፣ ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ።

ደረጃ 8፦ አላይመንት በሲባጎና በቱንቢ

ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኘህ ጥሩ ነው። ካላገኘህ ሲባጎ ከተጠነቀቅክበት አያሳፍርም።

1. አራቱ ጎማ የቆሙበት ወለል እኩል መሆኑን በውሃ ልክ አረጋግጥ። ዝቅ ያለው ጎማ ሥር ላሜራ አስገባ።
2. የጎማ ንፋስ እኩል ይሁን። ክብደቱ ወንበሩ ላይ ይቆይ። መሪውን ቀጥ አድርገህ እሰር።
3. በመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ በቸርኬው መሃል ከፍታ፣ ሲባጎ ወጥር። ከፊት ቸርኬ መሃል እስከ ሲባጎ ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። ኋላም እንዲሁ።
4. ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከዚያ እስከ የኋላ ጠርዝ ለካ። የፊቱ ርቀት የሚበልጥ ከሆነ ጎማው ወደ ውስጥ ያያል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ተደምረው ከ0 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢያዩ ጥሩ መነሻ ነው። ታይሮዱን ግራና ቀኝ እኩል አዙር፣ ካልሆነ መሪው ጠማማ ይቆማል።
5. ለዘንበልታ (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ቱንቢውን በቸርኬው ፊት አንጠልጥል። ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ላይ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ከገባ 1 ዲግሪ ነው። ለትራክ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ፈልግ። በየቀኑ የምትነዳት ከሆነ 1 ይበቃል፣ ካልሆነ የጎማው ውስጠኛ ጎን ያልቃል።
6. አንዱን ስትነካ ሌላው ይለወጣል። ዘንበልታውን አስቀድመህ፣ ታይሮዱን መጨረሻ አድርግ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ሙከራ

በዝግታ ጀምር። መጀመሪያ ባዶ ግቢ ውስጥ ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ አዙር፣ ጎማው ምንም እንደማይነካ ስማ። ፍሬን በዝግታ፣ ከዚያ በኃይል ያዝ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የቀለም መስመሮችህን እይ፣ የጎማ ዳዶዎቹን ድገም።

የጎማውን ንፋስ የምትነዳበት ቦታ ላይ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለካ። ኮምቦልቻ ላይ ሞልተህ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ስትወጣ ከፍታውም ቅዝቃዜውም ንባቡን ይነካል። የጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለትም መሬት የሚነካው ክፍል ከጎኑ በሚገናኝበት ጠርዝ፣ በጠመኔ መስመር አድርግና ጥቂት ዙር ንዳ። ጠመኔው ከትከሻው አልፎ እስከ ጎኑ ከጠፋ ንፋስ ጨምር። ትከሻው ላይ ሳይነካ ከቀረ ቀንስ። በአንድ ጊዜ 2 ፒኤስአይ፣ ከዚያ በላይ አይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ሞክር፣ ጻፍ። ሞላና ንፋስና አላይመንት በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?

ጉብታ ላይ ኳ የሚል ድምፅ፦ የስትራቱን የላይኛውን መያዣ፣ ከዚያ የካርትሪጁን ክዳን፣ ከዚያ የስታቢላይዘር ሊንኩን እይ። ብዙ ጊዜ ክዳኑ ነው።

ኋላዋ ወደ አንድ ጎን የወጣች ከመሰለ፦ ዝቅ ስትል አግዳሚው ዘንግ አክስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። የኋላ ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ጎን ያላቸውን ርቀት ግራና ቀኝ አወዳድር። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ነው መፍትሔው፤ ቦዲውን አትደብድብ።

ፍሬን ሲያዝ ትጎትታለች፦ መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ቀጥሎ የካሊፐሩ ፒስተን፣ ቀጥሎ የታችኛውን ክንድ ወደፊት የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ። በአንዳንዶቹ ይህን ሥራ የሚሠራው ስታቢላይዘሩ ራሱ ነው።

ኩርባ ስትገባ ፊቷ ወደ ውጭ ከገፋች፦ የገባህበትን ፍጥነት ቀንስ፣ ያ ካልፈታው የፊት ንፋሱን በጠመኔው መርምር፣ ከዚያ ዘንበልታውን ጨምር። ወፍራም የኋላ ስታቢላይዘር የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ጋዝ ስትረግጥ ኋላዋ ቶሎ ካመለጠች፦ የኋላ ክንዶቹ ታስረው እንደሆነ እይ። ሾኮቹን ፈትተህ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከፍ አድርግ፤ አክስሉ ሳይታገል መታጠፍ አለበት። የሚታገል ከሆነ ፕላስቲኩን አውጣ።

ከሁሉም በኋላ ቁመቷ ግራና ቀኝ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ የሞላውን አቀማመጥ ፈትሽ፣ የክንዶቹን ብሎኖች አላልተህ መሬት ላይ እንደገና አጥብቅ፣ ከዚያ አላይመንቱን ከመጀመሪያው ለካ።